ያልካድሁት ሰይጣን

የመሪጌታው ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ከባሕር ዳር ልትወጣ የነበረችው በእኔ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «አይደለም» የሚል ነበር። ከእሱ አስቀድሜ የተናገርሁት ውሸት ስለነበር፣ በላዩ ሌላ ውሸት ላለመደረብ ብዬ ነው እውነቱን የተናገርሁት። አሁንም ያንን ጠዋት ሳስታውስ አንገቴን የሚያስደፋኝ ውሸቱ ሳይሆን ያች እውነት ናት።

ግቢያችን ከሐይቁ ዳር ብዙም አይርቅም። ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ቤት አከራያችን ይኖራሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ክፍሎች አሉ። አንደኛው የእኔ ነው። ከዱርቤቴ ከመጣሁ ጀምሮ ስልክ እጠግናለሁ፤ ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፣ የሞቱ ስልኮችን እየፈታሁ ነው የለመድሁት። በመካከለኛው ክፍል አንድ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ከሚስቱ ጋር ይኖራል። የአዳማ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ታይፎይድ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ ደግፎ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ አጥሚት እያጠጣች ያነሣችኝም ሚስቱ ናት። በሦስተኛው ክፍል የመሪጌታው ልጅ ትኖራለች። አባቷ ዘጌ ላይ የዜማ መምህር ናቸው። እሷ እዚህ ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ቤተ ዘመዱ በሙሉ «ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ!» ብሎ ሲቃወም፣ «እኔ አምናታለሁ» ብለው የላኳት አባቷ ናቸው። ይህን እሷ ራሷ ነግራናለች፤ ስትነግረንም ኮራ ብላ ነበር።

እኔ አላምንም። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ አነባለሁ። መጀመሪያ ማንበብ የጀመርሁት ሃይማኖቴን ላጠናክር ብዬ ነበር፤ አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ በመጨረሻ የማያምኑ ሰዎች ታሪክ ላይ አደረሰኝ። በጥንት ግሪክም በጥንት ሕንድም፣ አማልክት የሉም ወይም መኖራቸውን ልናውቅ አንችልም ያሉ ሰዎች እንደነበሩ አነበብሁ። ከሁሉ የገረመኝ የብዙዎቹ ጽሑፍ አለመገኘቱ ነው። ራሳቸው የጻፉት ጠፍቶ፣ የቀረልን ሌሎች እነሱን ለመንቀፍ የጻፉት ነው። ነቃፊ ባይኖራቸው ኖሮ መኖራቸውንም አናውቅም ነበር።

በአማርኛ ስሜን ፈለግሁት። ከሃዲ አልሁ፤ ከሃዲ ግን አደራ የበላ፣ ወዳጁን የሸጠ ሰውም ስም ነው። አረመኔ ድሮ አሕዛብ ማለት ነበር አሉ፤ ዛሬ ሕፃን የሚያሠቃይ ሰው ነው። ኢ-አማኒ የሚለውን ሳየው የመድኃኒት ስም ይመስለኛል፤ እናቴ ብትሰማው በቀን ስንቴ ነው የሚዋጠው ትለኛለች። መናፍቅ ላይ ስደርስ የግእዙን ሥር ተከተልሁት፤ ከ«መንፈቅ» ጋር አንድ ነው፣ ግማሽ ማለት ነው። መናፍቅ ልቡ ለሁለት የተከፈለበት ሰው ነው። ናፍቆት የምንለውም ከዚያው ሥር መብቀሉን ሳነብ የያዝሁትን የመበየጃ ካውያ አስቀምጬ ብዙ ተቀመጥሁ። የቅዳሴ ዜማ በድምፅ ማጉያ ከሩቅ ሲመጣ የሚሰማኝን ነገር ስም አግኝቼለት አላውቅም ነበር።

ለማንም አልተናገርሁም። እሑድ እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ ከግቢ እወጣለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ እስከ መታጠፊያው ከሰው ጋር እሄድና ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ደንገል ከሐይቁ አጭደው የጫኑ ታንኳዎች ሲያልፉ እያየሁ እቀመጣለሁ። ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ ተቀላቅዬ እመለሳለሁ። እትዬ በር ላይ ሆነው «አስቀደስህ?» ሲሉኝ «አዎ» እላለሁ። ይህን በመደጋገሜ፣ ዝምተኛም ስለሆንሁ፣ በግቢው ሰው ዘንድ እንደ እኔ ያለ ጨዋ ክርስቲያን አልነበረም።

እናም ጋሼ ወንድ ልጅ ሲወለድለት ወደ እኔ መጣ።

«እዚህ አገር ዘመድ የለንም፤ ታውቃለህ» አለኝ። «የክርስትና አባት የምትሆንልኝ አንተ ነህ።»

«ሌላ ሰው አይሻልም? ከመሥሪያ ቤትህ…»

«ከመሥሪያ ቤት የማገኘው ቅዳሜ ማታ ጠጥቶ እሑድ የሚተኛ ነው። ልጄ አንተን እንዲመስል ነው የምፈልገው። እሺ በለኝ በቃ፣ ወንድሜ።»

«እሺ» አልሁት። እንደዚያ ያለ ነገር ሲጠየቁ እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቴን ደግሞ ልናገረው አልቻልሁም።

የክርስትናው ዋዜማ ከሥራ እንደተመለስሁ የመሪጌታው ልጅ ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልኳን ይዛ መጣች። ጊዜው የሐይቁ ትንኝ የሚበዛበት ነው። አምፖል ከበራ ትንኙ እንደ ጭስ ይገባል፤ የምበይደው ቦታ ላይ ካረፈ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። «በሩን ዝጊው» አልኋት። ዘጋችውና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ነገ ምን እንደምትል ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ቄሱ በሉ ያሉኝን እላለሁ።»

«ሕፃኑን ታቅፈህ ፊትህን ወደ ምዕራብ ታዞራለህ። በእሱ ፈንታ ሰይጣንን እክድሃለሁ ትላለህ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ትዞርና አምናለሁ ትላለህ።»

«በእሱ ፈንታ?»

«እሱማ አፍ የለው! አፉ አንተ ነህ።»

ካውያውን እስኪግል ጠበቅሁት። ከዚያ ቀና ሳልል «የሚክደው ሰው ሰይጣን መኖሩን ባያምንስ?» አልኋት።

ሳቀች። «ያኔማ ሰይጣን ራሱ እልል ይላል! አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሲጠይቁህ አትመልስ፣ ስትጠይቅ የእብድ ጥያቄ! የምትጠግናቸውን ስልኮች መሰልህ እኮ፤ መደወል እንጂ መስማት የለም።»

ስልኳን ሠርቼ ሰጠኋት፤ ሄደች። እኔ ግን «አፉ አንተ ነህ» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም። በራሴ አፍ መዋሸት ለምጄዋለሁ፤ በየእሑዱ እዋሻለሁ። ገና አፍ ያልፈታ ልጅ በሰጠኝ አፍ መዋሸት ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ለጋሼ ሄጄ እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ከአልጋ ተነሣሁ፤ ሁለት ጊዜም ተመልሼ ተኛሁ።

ጠዋት በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ሄድን። ጋሼና ሚስቱ፣ ሕፃኑ፣ የልጁን ነጭ ልብስ የያዘችው የመሪጌታው ልጅ፣ ከሹፌሩ ጎን ደግሞ እኔ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ሁሉም ተሳልመው ሲገቡ እኔ ቆምሁ።

«ጋሼ፣ እኔ መግባት አልችልም።»

«ምን ሆንክ? አመመህ?»

«ንጹሕ አይደለሁም።»

ይህ በእኛ ዘንድ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ገላው ያልነጻ ሰው ከቅጥሩ ውጭ ይቆማል። ለዚህ ነው የመረጥሁት። ጋሼ ክንዴን ይዞ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሕልመ ሌሊት ነው? ሕልም ከሆነ እኮ ያለ ነው፤ አትፈር። ቄሱን እንጠይቃቸው።»

መውጫ በር ከፈተልኝ። «አዎ፣ ሕልም ነው» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን በነገር ሁሉ ልክ ልክ የምል ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ያላየሁትን ሕልም ደግሞ አልጨምርም ብዬ አሰብሁ። በዚያች ሰዓት እንዲህ ማሰቤ ንጽሕና መስሎኝ ነበር።

«አይደለም» አልሁት።

ክንዴን ለቀቀው። ዓይኑ ወደ መሪጌታው ልጅ ሄደና ወደ እኔ ተመለሰ። ምን እንዳሰበ አልገባኝም፤ ከከበደኝ ነገር በመገላገሌ ተደስቼ ነበር። እሱ ግን የማታውን ዝግ በር አይቶታል።

ቄሱ ይጠብቃሉ። ጋሼ ዞር ዞር ሲል ሒሳቡን ሊቀበል የቆመው የባጃጅ ሹፌር አንገት ላይ ማተብ አየ።

«ወንድም፣ እህል ቀምሰሃል?»

«ኧረ ገና ከቤት መውጣቴ ነው።»

«ንጹሕ ነህ?»

«እንደ ውሃ!»

«በል ና፣ የክርስትና አባት ትሆናለህ።»

«የማን?» አለ ሹፌሩ። መልሱን ሳይጠብቅ ግን ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እኔ ከግንቡ ውጭ ባጃጁን እየጠበቅሁ ቆየሁ። ስሙን እንኳ የማናውቀው ሰው ገብቶ ሰይጣንን በልጁ አፍ ካደለት።

በድግሱ ላይ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ወንበር አመላለስሁ፣ ውሃ አስታጠብሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጓዳው በር አጠገብ ሳልፍ፣ እትዬ ለጎረቤት ሴት ሲያወሩ ሰማሁ።

«ማታ በሩን ዘግተው ነበር ስልሽ! ዓይኔ ደከመ እንጂ አልታወረም።»

«የመሪጌታ ልጅ?» አለች ሴቲቱ።

«የመሪጌታ ልጅ ከእንጨት ተሠርታለች? እሱስ ቢሆን እግዜርን ፈርቶ ደጅ ቀረ፤ እሷ ነጭ ልብስ ተሸክማ ግብት!»

ያኔ ነው የገባኝ። ወንበሩን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። መግባትና «ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ፤ ውሸቱ የቱ እንደሆነ ግን መናገር ይኖርብኛል። ወንበሩን ወደ ተባልሁበት ወሰድሁት።

በማግሥቱ መጣች። በሬ ክፍት ነበር፤ ከደፉ ውጭ ቆመች።

«ምን አልሃቸው?»

«ንጹሕ አይደለሁም ነው ያልሁት።»

«ከማን ጋር ሆነህ ነው ያልነጻኸው? ለእኔም ንገረኝ እንጂ። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቅ እኔ ብቻ ነኝ።»

ወደያዝሁት ስልክ አቀረቀርሁ። ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ «መስማት የለም ያልሁህ ቀልዴን ነበር» ብላ ሄደች።

ወሬ ከጀልባ ይቀድማል። ሳምንቱ ሳያልቅ፣ አንድ ቀን ለምሳ ወደ ግቢ ስመለስ መሪጌታው ጥላው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። እትዬ ያቀረቡላቸው ጠላ አልተነካም። ልጃቸው ፍራሿን ጠቅልላ በገመድ ታስራለች። ከሰዓት በሚነሣው ጀልባ ሊወስዷት ነው። ፈተና የቀራት ጥቂት ነበር። ዓይኗ አብጧል፤ ገመዱን ግን የምትስበው በቁጣ ነው።

ፊታቸው ሄጄ ቆምሁ።

«መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ።»

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። ልጅዎ ምንም አላደረገችም። እኔም የዚያን ቀን ገላዬ ንጹሕ ነበር።»

«ታዲያ ስለምን ደጅ ቀረህ?»

«እምነት የለኝም። በሕፃኑ አፍ አምናለሁ ማለት ስላልሆነልኝ ነው።»

ይህን ቃል ለዓመታት ፈርቼው ኖሬአለሁ። ቢጮኹብኝ፣ በመቋሚያው ቢመቱኝ አይገርመኝም ነበር። እሳቸው ግን በሐዘኔታ አዩኝ።

«ልጄን ለማትረፍ ብለህ አምላክህን ካድህ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይህን ያህል ነው የምትወዳት?»

ገመዱ ቆመ። «አባዬ!» አለች ልጅቷ።

የተናገርሁት እውነት ከውሸቱ የባሰ ሆነ። በራሱ የቆመ አለማመን እሳቸው አያውቁም፤ ሰው የሚክደው ወይ ፈርቶ ወይ ወድዶ ነው።

«እውነቴን ነው፣ መሪጌታ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ነው።»

«ማን አስተማረህ?»

«በራሴ አንብቤ ነው።»

«በራስህ!» አሉና ወደ እትዬ ዞሩ። «ሰሙ? ክህደት እንኳ ያለ መምህር ሆነ! ለዚህ ነው እንዲህ የተንጋደደው።» ወደ እኔ ተመለሱ። «በደርግ ጊዜ ካድሬዎች መጥተው ሰብስበውን ነበር። ቀኑን ሙሉ እግዜር የለም ሲሉን ዋሉ። ማዕድ ሲቀርብ ግን አንዱ ‹አባቶች፣ ባርኩልን› አለና በላን። የዛሬው ክህደት ምን ይመስላል? አንተስ ማዕድ ታስባርካለህ?»

«ከሰው ጋር ስሆን አስባርካለሁ» አልሁ።

«እንግዲያማ ክህደቱንም አታውቅበትም።»

እትዬ ሳቁና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ልጅቷ ግን ተነሥታ ቆመች። «አባዬ፣ እውነቱን ነው። ያን ማታ ስልኬን ሲሠራ ሰይጣን መኖሩን የማያምን ሰው እንዴት ይክደዋል ብሎ ጠይቆኛል። እኔ ሳቅሁበት። በሩን ያዘጋኝ ለትንኝ ነው።»

ያኔ ከመካከለኛው ክፍል በር ላይ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ልጁን ታቅፎ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም።

«እና ‹እሺ› ያልከኝ ጊዜስ?» አለኝ።

ዓይኔን ከእሱ አንሥቼ ልጁ ላይ ጣልሁ።

«ብትነግረኝ እኮ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። ይኸው ነው ነገሩ። ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።» ልጁን ይዞ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አላቋረጠም፤ ወንድሜ ብሎኝ ግን አያውቅም።

መሪጌታው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉትና አገጫቸውን አስደገፉበት። «እሷንም አንተንም ማመን እሻለሁ» አሉኝ። «ግን በምን ትምልልኛለህ?»

በሱቄ ተቀምጬ ያነበብሁት ነገር ትዝ አለኝ። በብዙ አገር የማያምን ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ መመስከር አይፈቀድለትም ነበር፤ የሚምልበት ስለሌለው ቃሉ እንደ ቃል አይቆጠርም። ያኔ ሳነበው ተናድጄ ነበር። አሁን እዚያው ቦታ ቆሜ ስገኝ የመሪጌታው ጥያቄ ልክ መስሎ ታየኝ። ልጃቸውን ምን መያዣ ይዘው በቃሌ ብቻ እዚህ ይተዋሉ?

«እናቴ ትሙት» አልሁ።

«እናትህን ስለምን ትገድላታለህ? እሷ ምን አደረገች? በሚበልጥህ ማል።»

ልጅቷን አየኋት። የገመዱን ጫፍ በእጇ እንደጠቀለለች ነው።

«ማርያምን!» አልሁ። «አልነካኋትም።»

መሪጌታው አገጫቸውን ከመቋሚያው አነሡ። «በቃ» አሉ። «አንተ ረሳሃት እንጂ ምላስህ ታውቃታለች።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ፍቺው» አሏት። ጠላውን አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉለት፣ እትዬን መረቁ፣ ለጀልባው እንዳይረፍድባቸው ብለውም ወጡ። እኔንም ሲያልፉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያ እጅ እስካሁን ይከብደኛል። እውነቱን ስነግራቸው በሐዘኔታ አዩኝ፤ በማላምንበት ስምልላቸው አመኑኝ። እኔም ያን እጅ ተቀብዬ ዝም አልሁ።

ልጅቷ ፍራሹ አጠገብ ተንበርክካ ቋጠሮውን ትፈታለች። አጥብቃው ስለነበር እምቢ አላት። ልረዳት ጎንበስ አልሁ።

«ተወው» አለችኝ።

«ያልሁት እኮ እውነት ነው። አልነካሁሽም።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነበርሁ።» ቋጠሮውን በጥርሷ ነክሳ ሳበችው። «አባቴ ያመነህ ግን በዚያ አይደለም። በማርያም ስም ነው። አንተ ደግሞ የለችም ነው የምትለው።»

«ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! ቀድሞ፣ በክርስትናው ማግሥት ደፍህ ላይ ስቆም፣ ለእኔ መንገር ነበረብህ። ያኔ መሐላም አልጠይቅህም ነበር።»

ቋጠሮው ተፈታ። ገመዱን ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ፍራሹን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ክፍሏ መጎተት ጀመረች። ከባድ ነው፤ ደፉ ላይ ያዘባት። እርዳኝ አላለችም። እኔም ልትለኝ ትችላለች ብዬ እስክትገባ ድረስ ቆሜ ነበር።